በስሜ የታከመችው እህቴ

ባሕር አይቼ አላውቅም ነበር። ያኔ የማውቀው ትልቅ ውሃ ባሮ ነው፤ እሱንም በታንኳ ስሻገር ዓይኔን ጨፍኜ፣ አጠገቤ የተቀመጠውን ሰው ክንድ ጨብጬ ነው። እንዲህ ያለች ሰው መርከብ ላይ ልትቀጠር ነው ሲባል የሰፈሬ ሰው አልሳቀብኝም ብል ውሸት ነው። "ኛቦል፣ ስንት ወር ሙሉ ዓይንሽን ጨፍነሽ ልትኖሪ ነው?" ይሉኝ ነበር።

ላጫውታችሁ የፈለግኩት ግን የባሕሩን ነገር አይደለም። ወደ መርከቡ ለመግባት ከተጠየቅኳቸው የጤና ወረቀቶች መካከል አንዲቷን ፍለጋ ከዓርብ እስከ ሰኞ የደረሰብኝን ነው። ወረቀቷ ግማሽ ገጽ አትሞላም። ስለ ራሴ የማላውቀውን ነገር ያወቅኩት ግን በእሷ ሰበብ ነው፤ ያወቅኩት ነገርም ደስ የሚል አልነበረም።

ያኔ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው። ጋምቤላ ከተማ፣ ኒውላንድ ሰፈር፣ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ተከራይቼ ብቻዬን እኖራለሁ። አባቴ በልጅነቴ ነው የሞተው፤ እናቴ ካረፈች ደግሞ ስድስት ዓመት ሆኗት ነበር። ሆቴል ውስጥ አልጋ አንጣፊ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ሰው የተኛበትን አንሶላ ስቀይር እውላለሁ፤ ቤቴ ስገባ ሬዲዮ የምከፍተው ዜና ለመስማት ሳይሆን ቤቱ ውስጥ ሌላ ድምፅ እንዲኖር ነው። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ እዘምራለሁ፤ እንዴት ነሽ ሲሉኝ "ደህና" ብዬ እመለሳለሁ። ብቸኝነት በራጅ የሚታይ ሕመም ቢሆን ኖሮ የእኔ ፊልም ጥቁር ሆኖ ይወጣ ነበር።

ከሆቴላችን እንግዶች አንዷ ናት ስለ መርከቡ የነገረችኝ። አዲስ አበባ ያለ አንድ ኤጀንሲ ለቱሪስት መርከብ ክፍል አጽጂዎችን ይመለምላል። በስልክ እያዩ ጠየቁኝ፣ አልጋ ሳነጥፍ አሳየኋቸው፣ አለፍኩ። ደስታዬን ለማን ልንገር ብዬ አሰብኩና ለማንም ሳልነግር ቀረሁ። ሰፈሩ የሰማው ፓስፖርት ላወጣ ስመላለስ ነው።

ከዚያ የወረቀት ዶፍ ወረደብኝ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ፣ የደም ምርመራ፣ የደረት ራጅ፣ መርከቡ ላይ ከመውጣታችን በፊት ባሉት ሰባ ሁለት ሰዓታት ውስጥ የሚደረግ የኮሮና ምርመራ። "ብዙ ሺህ ሰው አንድ ላይ ተዘግቶ የሚኖርበት ቤት ማለት ነው፤ የአንድ ሰው ሳል ለሁሉም ይተርፋል" ብላ አስረዳችኝ የኤጀንሲዋ ልጅ። ከሁሉም ቀላል የመሰለኝ ከምኖርበት ከተማ ጤና ጣቢያ የሚመጣው ቅጽ ነበር። ቲቢ ታክሜ እንደማላውቅ፣ ታክሜ ከሆነም መጨረሴን ጤና ጣቢያው በማኅተም ማረጋገጥ አለበት። ሰኞ ከቀኑ ስድስት ሰዓት በፊት ካልደረሰ ቦታዬን ለተጠባባቂ ይሰጡታል።

ዓርብ ከሰዓት ጤና ጣቢያ ሄድኩ። የቲቢ ክፍሉን የምትይዘው ሲስተር አልማዝ ናት። ወላጆቿ በሰፈራው ዘመን ከወሎ የመጡ ገበሬዎች ናቸው፤ እሷ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ በኑዌርኛ ከእኔ የተሻለ የምትሳደብ ሴት ናት። ራጄን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስታ አየችው።

"ሳንባሽ ንጹህ ነው። ካርድሽን ስጪኝ፣ መዝገቡን ልይና እሞላልሻለሁ።"

መዝገቡ ትልቅ ነው። ጣቷን እያስኬደች ወረደች፣ ገጽ ገለጠች፣ እንደገና ወረደች። ጣቷ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። መነጽሯን አውልቃ እኔን አየችኝ።

"ኛቦል፣ ልትቀልጂብኝ ነው የመጣሽው?"

"ምነው ሲስተር?"

"ከሦስት ዓመት በፊት እዚሁ ክፍል የቲቢ መድኃኒት ጀምረሻል። ሁለት ወር ወስደሽ ጠፍተሻል። ይኸው!"

መዝገቡን ወደ እኔ አዞረችው። ስሜ አለ። የካርድ ቁጥሬ አለ። ኒውላንድ የሚልም አለ። በመጨረሻው ረድፍ ላይ በቀይ እስክርቢቶ "ጠፍታለች" ተብሎ ተጽፏል።

እኔ ስደነግጥ አንቱታ የሚባለው ነገር ከአማርኛዬ ውስጥ ይጠፋል። "አንቺ ሲስተር፣ እስኪ እይኝ! እኔ ነኝ?" አልኳት።

"ከሦስት ዓመት በፊት ያየሁትን ፊት በምን ላስታውስ? ካርዱ ያንቺ ነው።"

"ካርዱ የእኔ ነው። ኪኒኑን የዋጠችው ግን..."

አልጨረስኩትም። ጨረሰችልኝ።

"አዋስሻት።"

"አዎ።"

በኑዌርኛ የተናገረችውን እዚህ አልጽፈውም። ሲወጣላት በአማርኛ ቀጠለች። "ለማን ነው ያዋስሽው?"

"ለእህቴ።"

"የት አለች?"

"አላውቅም።"

"በሕይወት አለች?"

ዓይኔን ወደ መዝገቡ መለስኩ። ሲስተር አልማዝ ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ ከስድቡ ይልቅ ይኼ አስፈራኝ።

"ስሚኝ። እኔ መዝገብ አልፍቅም። ያቺን ሴት አምጪልኝ። በዓይኔ ልያት፤ በገዛ አፏ 'እኔ ነኝ' ትበል፤ በስሟ አስተካክላለሁ። ሌላ ቦታ ታክማ ጨርሳ ከሆነ ወረቀቷን ትያዝ።"

"ሞታ ከሆነስ?"

"የሞቷን ወረቀት ታመጫለሽ" አለችና መዝገቡን ዘጋችው።

እህቴ ያልኳት ኛማል የአባቴ ወንድም ልጅ ናት። በእኛ በኑዌሮች ዘንድ የአባት ወንድም ልጅ እህት ናት፤ "የአጎቴ ልጅ" ብሎ ማራቅ ነውር ነው። ከማዶ፣ ከደቡብ ሱዳን፣ ጦርነቱን ሸሽተው ሲመጡ እናቷ መንገድ ላይ ሞተችባት። ኩሌ የስደተኞች መጠለያ ተመዘገበች፤ ቆይታ ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ መጣችና እኔ ቤት ገባች። የሰው ልብስ ታጥብ ነበር። ማታ ስንገናኝ ልብስ ያጠበችላቸውን ሰዎች አንድ በአንድ እየተረበች ሆዴን እስኪያመኝ ታስቀኛለች። አንድ ዓመት ያህል አብረን ኖርን። ሬዲዮ ያላስፈለገኝ ያን ዓመት ብቻ ነው።

ከዚያ ሳል ጀመራት። ጤና ጣቢያ ብትሄድ "የመጠለያ ሰው ነሽ፣ ወደ ኩሌ ተመለሺ" ይሏታል ብለን ፈራን። ስለዚህ ካርዴን ሰጠኋት። በሰፈራችን ካርድ ማዋስ ጨው እንደ ማዋስ ነበር። ያለው ለሌለው ይሰጣል፤ ነርሷ ስትጠራ ስሙ የማንም ይሁን የታመመው ሰው ብድግ ይላል። ካርድ የሚከለክል ሰው ስስታም ተብሎ ይታማል እንጂ አርቆ አሳቢ የሚለው የለም። ቲቢ ነው ተባለ። ኪኒኑ በኛማል አፍ ይገባል፣ በመዝገቡ ላይ ኛቦል ይጻፋል።

እስከዚህ ድረስ ደግ ሰው እመስላችኋለሁ። ካርዴን ሳልሰስት የሰጠኋትን ልጅ ግን ኩባያዋን ለየሁባት። ምንም አልተናገርኩም፤ እጀታው ላይ ቀይ ክር አሰርኩበት። ሳህኗንም ለየሁ። ፍራሿን ወደ በሩ ገፋሁት። "ኪኒኑን ከጀመርኩ ወዲህ አላስተላልፍም፣ ኩባያ ደግሞ ድሮም አያስተላልፍም ብለውኛል" ብትለኝም ክሩን አልፈታሁትም። ሁለተኛው ወር ሲያልቅ አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ የለችም። ኩባያው ታጥቦ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቷል። ስትፈልገኝ ትመጣለች ብዬ ዝም አልኩ፤ ዝምታዬም ሦስት ዓመት ሆነ።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ኢታንግ በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፈርኩ። መንገዱን ሙሉ ኛማልን ሳገኛት የምላትን ቃል ስሰካካ ነበር። "እንዴት ነሽ" ከሚለው ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ግን አላገኘሁትም። ከኢታንግ በባጃጅ ኩሌ ገባሁ። ፀሐዩ ጠንክሯል። ኩሌን የማያውቅ ሰው መጠለያ ሲባል ጥቂት ድንኳን ይመስለዋል፤ ዓይን እስከሚደርስበት የሣር ክዳን ቱኩልና መንገድ ነው፤ እኔ ደግሞ በእጄ ያለው አንድ ስም ብቻ ነው። ኛማል የሚባል ስም ደግሞ በኑዌር አገር እንደ ልብ ነው።

ከዞን ዞን ጠየቅኩ። "የከተማ ልጅ፣ የትኛዋን ኛማል?" እያሉ ሳቁብኝ። እኩለ ቀን ሲሆን የአንድ ብሎክ ተጠሪ የሆኑ ሽማግሌ ጥላ ሥር ተቀምጠው አገኘሁ።

"ማሌ" ብዬ ሰላም አልኳቸው። "ኛማልን ፈልጌ ነበር። ረጅም ናት። ከጋምቤላ የመጣች። ደረቷን ታማ የነበረች፤ የምትስል።"

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ።

"የምትስለዋ ኛማል ባለፈው ክረምት ሞታለች፣ ልጄ።"

አሁን የምጽፈውን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል። ለማንም አልተናገርኩትም ነበር፤ ከአንድ ሰው በቀር። ሽማግሌው "ሞታለች" ሲሉኝ በመጀመሪያ ወደ አእምሮዬ የመጣው ኛማል አልነበረችም። በመጀመሪያ የመጣው "የሞት ወረቀት የሚሰጡት ቅዳሜ ይሠራሉ ወይ?" የሚለው ነው። ሐሳብ ብቻ ሆኖ ቢቀር በታደልኩ። ከአፌ ወጣ።

"ወረቀት አላት?" አልኳቸው።

"የምን ወረቀት?"

"የሞቷ።"

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። "መጀመሪያ እናቷን ሰላም በያት" አሉና በጣታቸው ወደ አንድ ቱኩል አመለከቱኝ።

እናቷን! የእኔዋ ኛማል እናት ሞታለች፤ ከማዶ ስትመጣ መንገድ ዳር ነው የተቀበረችው። የሞተችው ሌላ ኛማል ናት። ደስ አለኝ እንዳልል፣ እዚያ ቱኩል በር ላይ የተቀመጠችው ሴት ልጅ የሞተባት እናት ናት። ቀድሞ ያሰብኩት ነገር ደግሞ ተመልሶ የሚገባበት ቦታ አጥቶ ውስጤ ቆሟል። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።

ሴትዮዋ ለልጇ የማለቅስ መሰላት። ተነስታ እጄን ይዛ ወደ ውስጥ አስገባችኝ። ቤቱ ውስጥ ያለው ኩባያ አንድ ነው። ውሃ ቀድታ ሰጠችኝ፤ ጠጥቼ ስመልስላት የተረፈውን እሷ ጠጣችው። "ልጄን የሚያስታውስ ሰው መጣ" አለች። ላስተካክላት አሰብኩና ተውኩት። ጎን ለጎን ተቀመጥን። እንደዚያ ከሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ከተቀመጥኩ ስንት ጊዜዬ እንደሆነ ማስታወስ አቃተኝ።

ከብዙ ቆይታ በኋላ ራሷ ተናገረች። "አንቺ የመጣሽው ሌላዋን ኛማል ፈልገሽ ነው፣ አይደል?"

"አዎ፣ እናቴ። ይቅር በይኝ።"

"ምንም አይደለም። ለልጄም አልቅሰሽላታል። ያቺኛዋ ወፍጮ ቤት ናት። ልጄ የተኛች ጊዜ ውሃ ስታመላልስልን የነበረችው እሷ ናት።"

ወፍጮ ቤቱ ከቆርቆሮ የተሠራ ነው፤ ጩኸቱ ከሩቅ ይሰማል። በሩ ላይ ቆሜ ወደ ውስጥ አየሁ። አንዲት ረጅም ሴት ማሽላ በጣሳ እየሰፈረች ወደ ወፍጮው ታፈሳለች። ፀጉሯም፣ ሽፋሽፍቷም፣ ክንዷም በዱቄት ነጭ ሆኗል። ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተያየን። አፏን ለመክፈት ስትሞክር ሳል ያዛት።

እኔም ወደ ኋላ ተራመድኩ። አስቤው አይደለም፤ እግሬ ነው። ግን ተራመድኩ። እሷም አየችኝ።

ሳሉን ጨርሳ አፏን ጠረገች። "ዱቄት ነው" አለችኝ። "አትፍሪ፣ ኛቦል። ዱቄት ነው።"

ወጥታ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ወፍራለች። እንዴት ነሽ ተባባልን። ከዚያ በሚኒባሱ ውስጥ ያላገኘሁት ቃል አሁንም ጠፋኝ፤ ስለዚህ ስለ መርከቡ፣ ስለ ቅጹ፣ ስለ መዝገቡ፣ ሰኞ ስድስት ሰዓት ስለሚያልቀው ነገር ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።

"ወረቀቱ ባይጠፋብሽ ኖሮ ትመጪ ነበር?" አለችኝ።

ልዋሽ ነበር። "ሁልጊዜ አስብሽ ነበር" የሚለው ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግማሹም እውነት ነው። ግን ቅድም ያደረግኩትን ካደረግኩ በኋላ ለመዋሸት ጉልበት አጣሁ።

"አልመጣም ነበር" አልኳት። "ኛማል፣ ከዚህም የባሰ አለ። 'ሞታለች' ሲሉኝ የሞትሽበትን ወረቀት ጠየቅኩ።"

ክንዷ ላይ የነበረውን ዱቄት አራገፈች። ከዚያ እንደ ድሮው ጥርሷን ሳትገልጥ በአፍንጫዋ ሳቀች።

"እና ሰጡሽ?"

እኔም ሳቅኩ። ሳቄ ወደ ልቅሶ ተለወጠ፤ እሷ ግን አላባበለችኝም፣ እንዲወጣልኝ ተወችኝ።

ሴትዮዋ በኩባያዋ ውሃ እንዳጠጣችኝ እየነገርኳት ቤቷ ወሰደችኝ። ከመጽሐፍ ቅዱሷ መካከል በፕላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣች። ከእኔ ቤት በወጣች በአራተኛው ቀን የኩሌ ክሊኒክ ሄዳ፣ በራሷ ስም ተመዝግባ፣ ሕክምናውን ከመጀመሪያው ጀምራ እስከ መጨረሻው ጨርሳለች። በወረቀቱ ላይ "የሕክምና ደጋፊ" የሚል መስመር አለ። በየቀኑ ኪኒኑ መዋጡን አጠገብ ሆኖ የሚያይ ሰው የሚፈርምበት ነው። በእሱ ላይ የአውራ ጣት አሻራ አለ።

"የማን ነው?"

"ውሃ ያጠጣችሽ ሴትዮ ናት። ልጇንም እኔንም በአንድ ኩባያ ስታጠጣን ነበር። ልጇ በሌላ በሽታ ሞተችባት፤ እኔ ተረፍኩ።"

በዚያ መስመር ላይ መሆን የነበረበት የእኔ ፊርማ ነው። ለራሴ ያልኩት ይህን ብቻ ነው።

"መዝገቡ ላይ ምን ብለው ነው የጻፉብኝ?" አለችኝ።

"ጠፍታለች።"

ፊቷ ተለወጠ። ከመጣሁ ጀምሮ ስትቆጣ ያየኋት ያኔ ነው። "እኔ አልጠፋሁም። የት እንዳለሁ የጠየቀ ሰው ነው ያልነበረው። ስድስት ወር አንድ ቀን ሳላጎድል ውጫለሁ። ሰኞ አብሬሽ እሄዳለሁ፤ ለመርከብሽ ብዬ እንዳይመስልሽ። ጨርሳለች ተብሎ እንዲጻፍልኝ ነው።"

እሁድን እዚያው ዋልኩ። ቤተ ክርስቲያን አብረን ሄድን፤ ሰዎች "እህትሽ ናት?" ሲሏት "አዎ" አለች፤ ከዚያ በላይ አልጨመረችም። ሰኞ በማለዳ ተነስተን ሦስት ሰዓት ሲሆን ጋምቤላ ደረስን፤ ተራችን እስኪደርስ ግን አምስት ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም።

ሲስተር አልማዝ ኛማልን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። "አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ" አለች ኛማል በተሰባበረ አማርኛዋ። "በዚህ ስም እኔ ነኝ የበላሁት ኪኒኑን። እዚያ ጨረስኩ። ይኸው።"

ሲስተር ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሁለታችንንም በሁለት ቋንቋ ሰደበችን። ከዚያ መዝገቡን ከፍታ "ጠፍታለች" የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዘችው፤ የእኔን ስም ሰርዛ ከጎኑ የኛማልን ስም ጻፈች፤ በመጨረሻው ረድፍ ላይ "ኩሌ ጨርሳለች" ብላ ፈረመችበት። ኛማል አንገቷን አስግጋ እያንዳንዱን ፊደል ስትከተል ነበር። የአማርኛ ፊደል ማንበብ አትችልም፤ ግን እስክርቢቶው እስኪነሳ ድረስ ዓይኗን አልነቀለችም።

ስልኬ ይንቀጠቀጣል፤ ኤጀንሲው ነው። ሲስተር ቅጹን አውጥታ ትሞላልኝ ጀመር። ስም፣ ዕድሜ፣ ራጅ ንጹህ፣ ቲቢ ታክማ አታውቅም። ማኅተሙን በእጇ ይዛ ወደ መጨረሻው መስመር ደረሰች።

"በቲቢ ከታመመ ሰው ጋር በአንድ ቤት ኖረሽ ታውቂያለሽ?" ብላ አነበበች። ቀና አላለችም። "እኔ የምጽፈው አንቺ ያልሽውን ነው።"

ኤጀንሲው በላከልኝ ወረቀት ላይ የዚህን ጥያቄ ትርጉም አንብቤዋለሁ። አዎ ያለ ሰው የአክታ ምርመራና የሦስት ወር ክትትል ይጠብቀዋል። መርከቡ ደግሞ የሚነሳው ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ነው።

የሚንቀጠቀጠውን ስልኬን አየሁ። ያኔ ኛማል ተናገረች። ዓይኗ መሬት ላይ ነው። "ለየብቻ ነበር የምንኖረው፣ ሲስተር" አለች። "ኩባያዬ ለብቻ ነበር። ሳህኔ ለብቻ። ፍራሼም በር ጋ ነበር። አንድ ቤት አይባልም።"

ልትረዳኝ ነው። ከሁሉም የከፋውን ያደረግኩባትን ነገር አንስታ፣ እንዳልፍበት ድልድይ አድርጋ እያነጠፈችልኝ ነው። ውሸት ደግሞ አልነበረውም። አዎ ብዬ ዝም ብል ማኅተሙ ይመታል፣ ስልኩን አነሳለሁ፣ እሄዳለሁ።

"አይደለም" አልኩ። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። "በአንድ ቤት ነው የኖርነው። እህቴ ናት። ከእሷ ጋር ኖሬያለሁ ብለሽ ጻፊልኝ።"

ሲስተር አልማዝ ጻፈች። ማኅተሙን መታች። ኛማል ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም።

የቅጹን ፎቶ በስልኬ ላክኩ። ከስድስት ሰዓት በፊት የኤጀንሲዋ ልጅ ደወለች። ጨዋ ናት፤ ድምጿን አለስልሳ ነው የነገረችኝ። ቦታዬ ለተጠባባቂዋ ተሰጥቷል፤ ክትትሌን ስጨርስ እንደገና ማመልከት እችላለሁ። ከጤና ጣቢያው በር ላይ ቆሜ "እሺ፣ አመሰግናለሁ" አልኩ። ኛማልን ምሳ አብረን እንብላ ብላት "ወፍጮው ይጠብቀኛል" አለችኝ። ሚኒባሱ ላይ አሳፈርኳት። በመስኮት እጇን አላወዛወዘችም፤ እኔም ቅር አላለኝም። ለእሷ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት የተናገርኩት ገና ከትናንት በስቲያ ነው። ቤቴ ገባሁ። ሬዲዮውን አልከፈትኩም፤ በዝምታው ውስጥ ተቀምጬ ማን እንደሆንኩ ለማየት ሞከርኩ።

ከሦስት ወር በኋላ አክታዬ ንጹህ ሆኖ በሌላ መርከብ ተቀጠርኩ። ወደብ ላይ ወረቀቶቼን የተቀበለው ሰውዬ የኮሮናውን ውጤት አየ፣ የቢጫ ወባውን ካርድ ገለጠ፣ ያቺን ከጋምቤላ የመጣች ቅጽ ሳያነባት ከሌሎቹ ጋር አደባለቃት። ያን ሁሉ የተንከራተትኩላት ወረቀት ናት። መሳቅ አማረኝ፤ አብሮኝ የሚስቅ ሰው አጠገቤ አልነበረም።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ ወገኖቼ፣ ካርድ አታዋሱ ልላችሁ አልነበረም የጀመርኩት፤ አታዋሱ ግን፣ ሲስተር አልማዝ እውነቷን ነው። እኔ የምላችሁ ሌላ ነው። እኔ ብቸኛ ነኝ እያልኩ ስኖር በር ዘግቶብኝ የሄደ ሰው ያለ ይመስለኝ ነበር። በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ በአንድ ክር። ሰውን የምንፈልገው ወረቀት ሲጎድለን ብቻ ከሆነ፣ ሞቱም ወረቀት ሆኖ ይታየናል። እኔ እዚህ ደርሼ አይቼዋለሁ፤ እናንተ አትድረሱበት። መርከቡ ላይ ከብዙ ሰው ጋር እኖራለሁ፣ ብቸኝነቱም አልለቀቀኝም። ግን አሁን ስሙን አውቀዋለሁ፤ ማን እንዳመጣብኝም አውቃለሁ።

ኛማል ይቅር አላለችኝም ነበር፤ እኔም ያን ሰኞ አልጠየቅኳትም። ባለፈው ዕረፍቴ ጋምቤላ በገባሁ ማግስት፣ ሻንጣዬን ሳልፈታ፣ ኩሌ ሄድኩ። እሁድ ስለነበር ወፍጮው ዝም ብሏል። ቱኩሏ በር ላይ ተቀምጣ ከሩቅ ስመጣ አየችኝ። አልተነሳችም። ፊቷ እስክቆም ድረስ ጠበቀችኝ።

"አሁን ደግሞ የምን ወረቀት ጠፋብሽ?" አለችኝ።

"ምንም።"

"ምንም?"

"ምንም አልጠፋብኝም፣ ኛማል። አንቺን ለማየት ነው የመጣሁት።"

አየችኝ፤ ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ከበሩ ፈቀቅ አለች።

"እንግዲያው ግቢ።"